ፎቶ የሚነሣው ሰውዬ

ባሕር ዳር ሄዶ ጉማሬ ሳያይ የተመለሰ ሰው ጎረቤት ፊት የሚያወራው ያጣል። «ጉማሬስ?» ይሉታል። «አላየሁም» ካለ ጣናን በጠቅላላ እንዳላየ ነው የሚቆጠረው። እኔም በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሆኜ ይህንን ዕዳ ልከፍል ጀልባ ላይ ወጣሁ።

ጀልባዋ ባለ ሞተር ናት። ነጂው በዕድሜ ጠና ያለ ነው፤ «ካፒቴን» ይሉታል። አስጎብኚያችን ደግሞ ከሃያ ሁለት ዓመት የማይበልጥ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ቀልጣፋ ልጅ ነበር። ገና ከዳር ሳንርቅ ጀመረው። የጣና ስፋት ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሠላሳ ሰባት ደሴቶች አሉት፣ ገዳማቱ እነ እገሌ ናቸው፣ በዘመነ እገሌ ተመሠረቱ... ሳያቋርጥ፣ ሳይሳሳት፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ያወርደዋል። ልጁን አልነቅፈውም። አጥና የተባለውን አጥንቷል።

ችግሩ የመጣው የባልደረባዬ ትንሿ ልጅ ጣቷን ወደ ሰማይ ስትቀስር ነው። አንዲት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፤ ከዚያ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ዘጭ ብላ ውኃው ውስጥ ገባችና ዓሣ ይዛ ወጣች።

«ያቺ ወፍ ማን ናት?» አለች ልጅቷ።

አስጎብኚው አሰብ አደረገና «የውኃ ወፍ ናት» አላት።

እሷም አልለቀቀችውም። «ስሟስ?»

«የውኃ ወፍ።»

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። እኔ ግን ሆዴ ቅር አለው። ብዙ ብር ከፍለን የመጣነው ውኃው ላይ ያለውን ለማየት ነው። የገዳማቱን ታሪክማ ሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ወረቀትም ይነግረን ነበር።

ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ማርያም አካባቢ ስንጠጋ ልጁ ብድግ አለና «ጉማሬ! ጉማሬ!» ብሎ አጨበጨበ። እውነቱን ነው፤ ደንገሉ አጠገብ አንዲት የጉማሬ ግልገል አፍንጫዋን ብቅ አድርጋለች። ካፒቴኑ ወዲያው ሞተሩን ጨመረው። ግልገሏ ገባች። እኛም ዞርን። ወዲያ ማዶ ወጣች። እኛም እየተንደረደርን ወዲያ። ልጆቹ በደስታ ይጮኻሉ፣ አስጎብኚው ያጨበጭባል፣ ባልደረባዬ ስልኩን ደግኖ «ቀረብ በል፣ ቀረብ በል» ይላል። እኔስ? እኔም ስልኬን ደግኛለሁ። አራት ጊዜ ዞርናት።

ይኼኔ ነው ሰውዬውን ያየነው። የደንገሉ ጠርዝ ላይ፣ በደንገል ታንኳ፣ ብቻውን ተቀምጧል። ዕድሜው ከስድሳ ይዘላል። አይናገርም። ቀኝ እጁን ብቻ ከፍ አድርጎ መዳፉን ወደ እኛ ዘርግቷል።

«ሰላም እያለን ነው» አለ አስጎብኚው።

ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡለት። ሰውዬው እጁን አላወረደም። ካፒቴኑ ሳቅ አለና «ወይጦ ነው፤ ተዉት» አለ። ከዚያም አስጎብኚው የሥራው አካል በሆነ ድምፅ እንዲህ ሲል ቀጠለ። «እነዚህ ባህላዊ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ፎቶ ማንሣት ይቻላል። አሥር ብር ብትሰጡት ደስ ይለዋል።»

አነሣነው። ባልደረባዬ የወረወረው አሥር ብር ውኃው ላይ ወደቀ።

«ወይጦ ነው፤ ተዉት።» ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ብለው የሚጠሩት ሰዎች ከጣና ዳር የቆዩ ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ያለፈው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከአገሩ ልሳኖች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። ያ ቋንቋ ዛሬ የለም፤ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። አያቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ በታንኳ ተጠግተው በጦር ይወጉት ነበር፤ ሥጋውን ይበሉታል፤ ከቆዳው አለንጋ ይሠራል። ያንን ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጸየፋቸው ኖረ። እነሱ እስላም ነን ይላሉ፤ አብሯቸው ማዕድ ለመቅረብ የሚያመነታው ግን ብዙ ነበር። እኔ ባደግሁበት ሰፈር «ወይጦ» ስድብ ነበር። ቃሉ የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። እናቴ ሳህን አንሥቼ ስልስ «እንደ ወይጦ!» ትለኝ እንደነበር ስጽፈው አሁን ያሳፍረኛል።

ማታ ያረፍንበት ሆቴል ግቢ ሣሩ ላይ ሁለት ቀያይ ነገሮች ተጋድመው አየሁ። የፕላስቲክ ካያኮች ናቸው። አጠገባቸው የቆመው ሰሌዳ «የካያክ ጉብኝት፤ ጉማሬና አዕዋፍ፤ ከአስጎብኚ ጋር» ይላል። ዋጋውም አለ፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ሰዓት 300 ብር። መቼም እኔ ካያክ አልጠላም። ሞተር የለውም፣ አይጮኽም፣ አይሸትም፣ ሰው ከውኃው ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ለዓባይም እንግዳ አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የሚባሉ ሰዎች ዓባይን ተከትለው ሜዲትራንያን ባሕር ሲደርሱ ብራውን በካያክ ነበር የሚቀዝፈው። እንስሳ ለማየት ከሞተር ጀልባ ካያክ እንደሚሻል ክርክር የለውም።

«አስጎብኚው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሥልጠና የወሰደ ልጅ አለን» አለኝ እንግዳ ተቀባዩ።

«ወንዙን ያውቃል?»

«ካያኩን ያውቃል።»

ይህ መልስ ነው ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ነገሩን እስቲ አብረን እናስበው። ጠባብ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል፤ በመሐል በተያዘ ዘንግ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተቀዘፈ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ይሄ ካያክ ነው? ታንኳ ነው? ሁለቱም ነው! ታንኳውን እንደ ሙዚየም ዕቃ ፎቶ አንሥተን፣ ታንኳ ነጂውን «ተዉት» ብለን፣ ያንኑ ነገር በፕላስቲክ ከባሕር ማዶ ገዝተን ሣር ላይ አጋደምነው። ለፕላስቲኩ አስጎብኚ ፈለግንለት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ማለዳ እዚያው ውኃ ላይ የሚወጣውን ሰው ግን ማንም ጠርቶ አልጠየቀውም።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ሰውዬውን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም፤ ታንኳዎቹ የሚደርቁበትን ዳር የማያውቅ የለም። ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ከገባበት ወጥቶ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት፤ ያም ሆኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይበሰብስና ሌላ ይታሰራል።

«አባባ፣ ትናንት በሞተር ከመጡት አንዱ ነኝ» አልኳቸው። ማታ «ሰውዬው» ስለው የነበረውን ሰው ፊቱን ሳየው አንቱ ከማለት ሌላ አልሆነልኝም።

«አውቄሃለሁ» አሉኝ። «ባለ ነጭ ቆብ።»

ሊወስዱኝ ተስማሙ። ስንት እንደሚያስከፍሉ ብጠይቃቸው ግራ ገባቸው፤ ማገዶና ዓሣ እንጂ ሰው ለማየት ብሎ ሲሳፈር አያውቁም። «የፈለግኸውን» አሉ። ታንኳው ላይ መቀመጫው ሌላ የደንገል እስር ነው። ከተቀመጥኩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሱሪዬ ረጠበ። ይህንን የምጽፈው ነገሩን እንዳላሳምረው ነው።

ደንገሉ ውስጥ የተከፈተ ጠባብ ቦይ ሲያዩ ቆሙ። «ይኼ ደጁ ነው» አሉኝ። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ማለዳ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም በዚያው በወጣበት መንገድ ነው። መንገዱ አፍ ላይ አዲስ እበት አለ ወይስ የለም የሚለውን አይተው ገብቷል ወይም አልገባም ይላሉ። «አልገባም፤ እዚህ አንቆምም» ብለው ሰላሳ ክንድ ያህል ራቁ። ከዚያ ዘንጋቸውን ውኃው ላይ ሁለቴ ጠፍ ጠፍ አደረጉና ጮክ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰው ግቢ ስትደርስ ‹ቤቶች!› አትልም?»

እንግዲህ ይህንን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ቱሪስት በካኑ የሚያስጎበኙ ሰዎች የካኑውን ጎን በእጃቸው ይመታሉ፤ ጉማሬዎቹ ድምፁን ሰምተው ጭንቅላታቸውን ሲያወጡ የት እንዳሉ ይታወቃል። ከዚያ ጥልቁን ለጉማሬው ትተው በዳር በዳር ያልፋሉ፤ ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነውና። ዚምባብዌ ውስጥ ይህንን ሥራ ለመሥራት ዓመታት የሚወስድ ልምምድና ከባድ ፈተና አለ። ፈተናውን ያለፈ ሰው የወፏን ስም ብቻ ሳይሆን እንስሳው ጆሮውን እንዴት ሲያደርግ ወደ ኋላ ማለት እንደሚገባ ያውቃል። የእኛ ሽማግሌ ፈተናውን ከአባታቸው ጋር ተፈትነውታል። ባጁ ነው የቀረው።

አንዲት እግሯ ረጃጅም ጣት ያላት ቀይ ቡናማ ወፍ በውኃ አበባው ቅጠል ላይ እንደ ምንጣፍ ትራመዳለች። «ይቺ እናት ናት። ትወልድና ትሄዳለች» አሉ። «የሚያሳድገው አባት ነው። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን በክንፉ አቅፎ ሲሮጥ እግራቸው ብቻ ተንጠልጥሎ ታየዋለህ።» ባዮሎጂ ያጠኑ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ትናንት «የውኃ ወፍ» ስለተባለችው ስጠይቃቸው እሷስ ጎጆዋን የምትሠራው ዳገቱ አፈር ውስጥ ጉድጓድ ምሳ ነው አሉኝ። ትንሿ ልጅ እዚያ በነበረች ብዬ ተቆጨሁ።

ሽማግሌውን ቅዱስ አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። የጉማሬ ጥበቃ የሚባል ነገር አሳስቧቸው አያውቅም። «ሥጋው ግን ጥሩ ነበር ይላሉ» ብለው ሳቁ። ልጃቸው ታንኳ ላይ መውጣት አይፈልግም፤ የሚያልመው ባጃጅ ነው። እሳቸውም አይፈርዱበትም። «ታንኳ ምን ያበላል?» አሉኝ። ደንገሉም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ከቤታቸው ደጃፍ ያጭዱት የነበረው አሁን ግማሽ ቀን ተቀዝፎ ነው የሚገኘው። ዳሩ ወይ ታርሷል ወይ ታጥሯል። ከተማው ሲሰፋ የእነሱ ጎጆ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ስትገፋ ኖራለች፤ ውኃ ዳር ያለ መሬት ሆቴል ያስገነባልና።

ስለ ደንገል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን አቋርጣለሁ ብሎ ሲነሣ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነው። የመጀመሪያዋ ጀልባ መንገድ ላይ ፈረሰች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰች። የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል! ታንኳ የሚያስሩት የጣና ሰዎች ግን የባሕር ዳርን መቆሚያ አልተሻገሩም፤ ቱሪስት የሚሳፈርበት ቦታ የማኅበር አባል ላልሆነ ክልክል ነው ብለውኛል።

ደንገሉ ጌጥም አይደለም። ከየወንዙ የሚመጣውን ደለል ያጠላል፤ ዓሣው የሚጠለልበት፣ ወፉ የሚፈለፍልበት እሱ ነው። ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ሐይቁንና ዙሪያውን፣ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚሆነውን፣ በባዮስፌርነት የመዘገበው ለዚህ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ ከታየ ወዲህ ስንቱ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል በቴሌቪዥን አይተናል። ለእምቦጭ አገር ሁሉ ተነሣ፤ ጎበዝ ብለናል። የደንገሉ መጥፋት ግን ድምፅ የለውም፤ ለሱ የተጠራ ዘመቻ እኔ አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑን አገኘሁትና ስለ ትናንቱ ዙሪት ወቀስኩት። የመለሰልኝን እዚህ አለማስፈር ግፍ ነው። «ጌታዬ፣ ነዳጁ በስንት እንደሆነ ያውቃሉ? ጉማሬ ካላዩ ‹ገንዘባችንን መልስ› ይላሉ። ራቅ ብዬ ባቆም ‹ፎቶው አይወጣም፣ ጠጋ በል› ይላሉ። እርስዎስ ምን ሲሉ ነበር?» አለኝ። አፌን ያዝኩ። እውነትም «ቀረብ በል» ስንል የነበርነው እኛ ነን። እንስሳ ለማየት ሄደን ስልካችንን እያየን የምንመለሰው እኛ ነን። አስጎብኚው የሸጠልን የገዛነውን ነው።

ቢሆንም ለገበያው ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። ፈቃድ የሚሰጥ አካል አለ፤ ባጅ የሚያድል አለ። ያ አካል ለባጁ ከሚጠይቀው ነገር ውስጥ «ከጉማሬ ስንት ሜትር ትርቃለህ? ግልገል ብቻዋን ብታይ ምን ታደርጋለህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢኖር ምን ነበረበት? ፈተናውንስ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ውኃ ላይ ቢያደርገው? ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌ አንደኛ ይወጡ ነበር። እንግሊዝኛ አይችሉም የሚለኝ አይጠፋም። ቀልጣፋው ልጅ ይችላል። ለምን ሁለቱን አንድ ታንኳ ላይ አናስቀምጣቸውም? ልጁ አፍ ይሁናቸው፤ እሳቸው ዓይን ይሁኑት። ለሁለቱም ይከፈላቸው፤ ለሁለቱም እኩል። ባጃጅ የሚያልመው ልጃቸውም ያኔ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችል ይሆናል። ባይለውጥም መብቱ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ኮሮና መጣና ጀልባዎቹ ታሰሩ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ቱሪስቱን አራቀው። በዚያ መሐል ዓባይ ላይ ትልቁ አዲስ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በሰሜን በኩል ጎርጎራ ላይ ዘመናዊ ማረፊያ ተሠርቷል። ሰላም ሲወርድ እንግዳው መምጣቱ አይቀርም፤ ካያኩም ከሁለት ወደ ሃያ ማደጉ አይቀርም። ሰሌዳውም «ከአስጎብኚ ጋር» ይላል። ማን ይሆን አስጎብኚው? የሚታሰብበት ጊዜ ጀልባው ታስሮ ሳለ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ታንኳው ላይ እንዳለን ስልኬን አውጥቼ ትናንት ያነሣሁትን ፎቶ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ራሳቸውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ራሳቸውን አላዩም። ጣታቸውን የፎቶው ቀኝ ጥግ ላይ፣ ደንገሉ ውስጥ አደረጉ።

«ይቺን አየሃት?»

ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች። ከእሳቸው አሥር ክንድ አይርቁም።

«እናቲቱ ናት» አሉኝ። «ልጇ ከእናንተ ወዲያ ነበረች። መሐል ገብታችሁ ነው የምትዞሩት።»

«ታዲያ ለምን አልጮኹም?»

«ብጮህ በእኔ ትነሣለች። እጄን አነሣሁ፤ ተመለሱ ማለቴ ነው። ልጆቻችሁ እጃቸውን አነሡልኝ።»

ለባልደረባዬ ነገርኩት። ደነገጠ፤ ለባለቤቱ እንዳልነግርበትም ለመነኝ። በኋላ ያው ፎቶ እንዲታጠብለት ፈልጎ ላክሁለት። አሳድጎ፣ ፍሬም አስገብቶ ሳሎኑ ሰቅሎታል። ባለፈው ለፋሲካ ቤቱ ሄጄ አንድ እንግዳ «ሰውዬው ሰላም እያለ ነው?» ሲለው ሰማሁ። ተነሥቼ ጆሮዎቹን ላሳየው ቀረብ አልኩ። የሉም። ፎቶ ቤቱ ፍሬሙ ውስጥ እንዲገባለት ዳርና ዳሩን ቆርጦታል።